የድሮ ካርታ ስለ ምን ይመሰክራል? የአውሮፓውያን የምሥራቅ እስያ ካርታዎችና የዛሬው የይገባኛል ክርክር

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2014 የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ መርክል ለጉብኝት በርሊን ለገቡት የቻይና ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ አንድ አሮጌ ካርታ በስጦታ አበረከቱ። ካርታው ፈረንሳዊው የካርታ ሊቅ ዣን ባፕቲስት ቡርጊኞን ዳንቪል በ1735 ያወጣው ሥራ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በላዩ የሚታየው «ዋናዋ ቻይና» የሚባለው፣ የሃን ሕዝብ የሚበዛበት ክፍል ብቻ ሲሆን ቲቤት፣ ሺንጂያንግ፣ ሞንጎሊያና ማንቹሪያ የሉበትም፤ ታይዋንና ሃይናንም ዳርቻቸው በሌላ ቀለም ተከቧል። ወሬው ቻይና ሲደርስ ግን በብዙ መገናኛ ብዙኃን የታየው ሥዕል ይህ አልነበረም። የታየው እንግሊዛዊው ጆን ዳወር በ1844 ያዘጋጀው፣ ቲቤትንም ሺንጂያንግንም ሞንጎሊያንም በአንድነት የያዘ ካርታ ነበር። ስጦታው ከበርሊን ቤጂንግ እስኪደርስ ድንበሩ ሰፍቶ ተገኘ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን የተካሄደው ክርክር ካርታውን የምስክር ወንበር ላይ ያስቀመጠ ያህል ነበር። አንዱ ወገን «ይኸው፣ በ1735 ቲቤት የቻይና አካል አልነበረችም» ሲል ሌላው ካርታውን ችላ ለማለት ወይም በሌላ ለመተካት ተጣደፈ። በምሥራቅ እስያ ዛሬም ባልበረዱት የደሴትና የባሕር ክርክሮች ይኸው ትዕይንት ይደጋገማል፤ ኮሪያና ጃፓን፣ ፊሊፒንስና ቻይና፣ ቬትናምና ቻይና ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በፓሪስ፣ በለንደን ወይም በማኒላ የታተሙ ወረቀቶችን እየዘረጉ ይሟገታሉ። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህ ካርታዎች እውነተኛ ምስክሮች ናቸው፤ ችግሩ ያላዩትን ነገር እንዲመሰክሩ መጠየቃቸው ነው። ካርታ ሠሪው ማንን ሰምቶ እንደሳለ፣ ቀያሹ እስከ የት ተራምዶ የት ላይ እንደተመለሰ አጥርተው ይናገራሉ። መሬቱ የማን እንደነበረ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ መልስ የላቸውም።

የመርክልን ስጦታ ቀረብ ብለን እንየው። ዳንቪል ቻይናን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው ፓሪስ ውስጥ ሰነድ ከሰነድ ሲያስተያይ ሲሆን የሰበሰባቸው 10 ሺህ ገደማ ካርታዎች በመጨረሻ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተሸጠው ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ለቻይና ካርታዎቹ መሠረት የሆነው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ያዘዙት የአገር ልኬት ነው። ሥራው በ1708 በታላቁ ግንብ ላይ ተጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። ሥራውን የመሩት በቤተ መንግሥቱ የሚያገለግሉ ጀስዊት ካህናት ሲሆኑ፣ ማኅበራቸው እኛም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ታሪክ የምናውቀው ነው፤ ከእነሱም ጋር የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት አብረው ይጓዙ ነበር። ርቀትን በምድር ላይ እየለኩ፣ ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን እያነሱ፣ በፀሐይ ከፍታ ኬክሮስ እያወጡ ሄዱ፤ ለዚሁ ሲባልም «ሊ» የተባለው የቻይና የርቀት መለኪያ 200ው አንድ የኬክሮስ ዲግሪ እንዲሞላ ተደነገገ። ውጤቱ ፓሪስ ደርሶ በዳንቪል እጅ ተቀናበረና የማኅበሩ አባል ዱ ሃልድ በ1735 ባሳተመው ባለ 4 ጥራዝ የቻይና መግለጫ ውስጥ ወጣ።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቹ የዘለሉት ነገር አለ። ዳንቪል ለዚያ መጽሐፍ ያዘጋጀው አንድ ካርታ ሳይሆን ሙሉ ስብስብ ነው። የዋናዋ ቻይና ሉህ አለ፤ የየክፍለ ሀገሩ ሉህ አለ፤ «የቻይና ታርታሪ» በሚል ስም ማንቹሪያንና ሞንጎሊያን የሚያሳዩ ሉሆች አሉ፤ የቲቤትና የኮሪያም ለየብቻ አሉ። ቻይናን፣ የቻይና ታርታሪንና ቲቤትን በአንድ ገጽ የሚያሳይ አጠቃላይ ካርታም በ1734 ሠርቷል። መርክል የሰጡት ከዚህ ሁሉ አንዱን ዓይነት ነው። ሉሁ የግዛት ወሰን ማስታወቂያ ነው ብንል አስቂኝ ነገር ላይ እንወድቃለን፤ ማንቹሪያ ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት የተነሣበት አገር፣ የንጉሠ ነገሥቱ የአባቶቻቸው ርስት ነውና ንጉሡ ከገዛ አገራቸው ውጭ ሊሆኑ ነው። ሺንጂያንግ ከሉሁ ውጭ ብትሆን አያስገርምም፤ አብዛኛው ክፍሏ ለቺንግ የገበረው በ1750ዎቹ መጨረሻ ነው። ቲቤት ግን ካርታው ሲታተም የቺንግ ጦር ላሳ ከገባ 15 ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ከሉሁ ውጭ ከቀሩት አንዱ የገዢው መንደር፣ ሌላው ያልተገዛ አገር፣ ሦስተኛው ጦር የሰፈረበት አገር ነው። የሉሁ ጠርዝ የሚያመለክተው ገጹ የት ላይ እንዳለቀ ብቻ ነው። አጠቃላዩ ካርታም በተቃራኒው ቲቤት የቻይና እንደነበረች አያረጋግጥም፤ እሱም ሰፋ ያለ ገጽ ነው።

ካርታው ዝም ብሎ የማያልፈው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። በ1714 ደ ማያ፣ ሬዢስና ሂንደረር የተባሉ ሦስት ካህናት ታይዋንን ለመለካት ባሕር ተሻገሩ። የለኩት የደሴቲቱን ምዕራባዊ ወገን ብቻ ነው፤ ደ ማያ በጻፈው ደብዳቤ ደሴቲቱን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚከፍል የተራራ ሰንሰለት እንዳለ፣ ቻይናውያን የሚያስተዳድሩትም ከተራራው ወዲህ ያለውን ምዕራቡን ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። በካርታዎቹ ላይ የምዕራቡ ዳርቻ ወንዝና ከተማ ሲበዛበት ከተራራው ወዲያ ያለው ባዶ ነው። ይህን ባዶ ቦታ አንድ ካርታ ሠሪ ከምናቡ አልፈጠረውም፤ መሣሪያ ተሸክመው የሄዱ ሰዎች በ1714 የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የሚሠራበት ወሰን ላይ ደርሰው የቆሙበት ነው። ቲቤት ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ካህናቱ ራሳቸው ስላልሄዱ ልኬቱን ያመጡት ለዚሁ የሠለጠኑ ሁለት ላማዎች (የቡድሃ እምነት መነኮሳት) ናቸው፤ ካርታውም በዚያ በኩል የላላ ነው። ስለ ሉዓላዊነት የሚጠይቅ ሰው ጠርዙን ትቶ እነዚህን የላሉ ቦታዎች ቢመረምር የተሻለ ነገር ያገኛል።

የታይዋንና የሃይናን ልዩ ቀለም ነገርስ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም ነበር። በዳርቻው የሚታየው ሐምራዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ከማተሚያው ከወጣ በኋላ በብሩሽ የተቀባ ነው፤ አንዳንዴ በአሳታሚው ቤት፣ አንዳንዴ በገዢው ፍላጎት፣ ብዙ ጊዜም በእኛ ዘመን በካርታ ነጋዴዎች እጅ። ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ቅጂዎች ታይዋንን በሁለት ልዩ ልዩ ቀለም ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ «ካርታው ላይ በሌላ ቀለም ተከቧል» የሚለው ክርክር ስለ ዳንቪል አይደለም፣ ብሩሽ ስለያዘው ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው።

አንድ ጭረትና አንድ የሌለ ደሴት

ወደ ኮሪያ እንሻገር፤ የዚህ ጉዳይ ጨዋታ ያለው እዚያ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ በአውሮፓ በታተሙ ብዙ ካርታዎች ኮሪያ ደሴት ናት፤ ፖርቱጋላዊው ሉዊስ ቴሸይራ በ1595 ባወጣው የጃፓን ካርታ ላይ እንደ ቃሪያ ቀጥና ረዝማ ከቻይና ተነጥላ ትታያለች። በ1655 ጣሊያናዊው ጀስዊት ማርቲኖ ማርቲኒ የቻይናውያንን አትላስ መሠረት አድርጎ በአምስተርዳም ባሳተመው ሥራ ነው ባሕረ ገብ መሬትነቷ የጸናው። የካርታ ምስክርነት በቁጥር ቢሆን ኖሮ ኮሪያ ለብዙ ዓመታት ደሴት ነበረች ልንል ነው።

ዳንቪል «የኮሪያ መንግሥት» የሚል ሉህ አለው። ካህናቱ ኮሪያ እንዳይገቡ ስለተከለከሉ የያዙት ከቤጂንግ የተላኩ መልእክተኞች ይዘው የመጡትን ካርታ ነው። ያንን ሉህ በኮምፒዩተር አጉልቶ የተመለከተ ሰው ከምሥራቅ ዳርቻ ጥግ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ተጎራብተው ያገኛል፤ የአንዱ ስም «ቺያን ሻን ታኦ» ይላል። ይህ ስም በኮሪያ ሰነድ የለም። ያለው «ኡሳን» ነው። ስሙ በቻይና ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያዋ ምልክት አናቷ ላይ ያለው ጭረት ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ ይህ ጭረት ትንሽ ካዘነበለ ግን ሌላ ፊደል፣ «ሺህ» የሚል ትርጉም ያለው ይሆናል። በእኛ ፊደል «ሊ» ከ«ሉ» የምትለየው ቅጥያዋ ከወገቧ ወደ እግሯ ዝቅ በማለቷ ብቻ እንደሆነው ማለት ነው። አንድ ገልባጭ ጭረቷን አዘንብሎ አየና ኡሳን የ«ሺህ ተራራ» ደሴት ሆነች፤ በቻይንኛ አነባበብ ተጽፋም ፓሪስ ገባች።

የደቡብ ኮሪያ ተከራካሪዎች ኡሳን የዛሬዋ ዶክዶ ናት ይላሉ፤ ስለዚህ የዳንቪል ካርታ ዶክዶን የኮሪያ አድርጎ ያሳያል ባዮች ናቸው። ዶክዶ (ጃፓኖች ታኬሺማ የሚሏት) በሁለቱ አገሮች መካከል ያለች፣ ጠቅላላ ስፋቷ 0.2 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የአለት ደሴት ስትሆን በደቡብ ኮሪያ ፖሊስ ይዞታ ሥር ናት። ጃፓን በበኩሏ ኡሳን ማለት ራሷ ኡሉንግዶ (በሉሁ ላይ ካሉት ሁለቱ ሌላዋ፣ የኮሪያ ደሴት) ወይም ከእሷ አጠገብ ያለች ሌላ ትንሽ ደሴት ናት ትላለች። የካርታው ነገር ለሁለቱም አይመችም። እውነተኛዋ ዶክዶ ከኡሉንግዶ በስተምሥራቅ 87 ኪሎ ሜትር ላይ ስትገኝ ካርታው ኡሳንን ያስቀመጣት ከኡሉንግዶ በስተምዕራብ፣ ወደ ኮሪያ ዳርቻ አስጠግቶ ነው። ከዚህ ሉህ በእርግጠኝነት የሚገኘው እውቀት አንድ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮሪያ ካርታ ሠሪዎች ከዳርቻቸው ባሻገር ሁለት የራሳቸው ደሴቶች አሉ ብለው ያምኑ ነበር። ሁለተኛዋ የት እንዳለች ግን ካርታው በትክክል አያውቅም።

የስሙ ታሪክ ከዚህም የባሰ ነው። በድሮ ጊዜ ጃፓኖች ኡሉንግዶን «ታኬሺማ»፣ የዛሬዋን ዶክዶ ደግሞ «ማትሱሺማ» ይሉ ነበር። በ1787 ፈረንሳዊው መርከበኛ ላ ፔሩዝ ኡሉንግዶን አየና በአብሮት በነበረ የሥነ ፈለክ ሊቅ ስም «ዳዠሌ» አላት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ጄምስ ኮልኔት ያችኑ ደሴት አየ፤ ቦታዋን ሲመዘግብ ግን ስቶ ወደ ኮሪያ አስጠጋትና በመርከቡ ስም «አርጎኖት» ተባለች። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ካርታዎች በአንዲት ደሴት ፋንታ ሁለት ደሴቶች መያዝ ጀመሩ፤ አንዷ ያለች፣ አንዷ የሌለች።

ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ፍራንዝ ፎን ዚቦልት በናጋሳኪ ኖሮ ከተመለሰ በኋላ በ1840 የጃፓንን ካርታ ሲያሳትም በእጁ ሁለት ዝርዝር ነበረው። የጃፓን ምንጮች ሁለት ደሴቶች አሉ ይላሉ፤ የአውሮፓ ካርታዎችም ሁለት ደሴቶች አሉ ይላሉ። ከዚህ ይልቅ ምን የተመቸ ነገር አለ? አጋጠማቸው። ለኮሪያ የምትቀርበዋ፣ የሌለችዋ አርጎኖት «ታኬሺማ» ሆነች፤ ዳዠሌ፣ ማለትም እውነተኛዋ ኡሉንግዶ፣ «ማትሱሺማ» ሆነች። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ አርጎኖት እንደሌለች ተረጋግጦ ስትሰረዝ ኡሉንግዶ በተሳሳተው ስሟ ቀረች። እውነተኛዋን ዶክዶ ደግሞ በ1849 ሊያንኩር የተባለች የፈረንሳይ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አግኝታ ስሟን ሰጠቻት። ጃፓን በ1905 ደሴቲቱን በሺማኔ ክፍለ ሀገር ሥር ስታስመዘግብ «ማትሱሺማ» የሚለው የድሮ ስሟ በኡሉንግዶ ተይዞ ነበርና የተረፈው «ታኬሺማ» ተሰጣት። ዛሬ ሺማኔ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 22 የምታከብረው «የታኬሺማ ቀን» አንድ እንግሊዛዊ መርከበኛ የተሳሳተውንና አንድ ጀርመናዊ ሐኪም በቅንነት ያጋጠመውን ስም ተሸክሟል። ኮሪያውያን ይህን «የጃፓን ዕውቀት እጥረት ማስረጃ ነው» ይሉታል፤ ጃፓኖች «የአውሮፓውያን ስሕተት ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ግን ከዚህ የሁለቱም ባለቤትነት አይወጣም።

በኮሪያና በጃፓን መካከል ስላለው ባሕር ስም የሚደረገው ክርክር ሌላ የማንበብ ችግር ያሳያል። ጃፓን «የጃፓን ባሕር»፣ ኮሪያ «የምሥራቅ ባሕር» ትላለች፤ ሴኡል ጉዳዩን በተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤ ያነሣችው በ1992 ነው። የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሉ የድሮ ካርታዎችን አስቆጥሮ በባሕሩ ላይ ስም ከጻፉት 1,435 ውስጥ 1,110ሩ «የጃፓን ባሕር» ይላሉ ብሎ አሳትሟል። ቁጥሩን ባልጠራጠርም የሚያሳየው ነገር ከሚባለው ያነሰ ነው። የካርታ ኅትመት የበዛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ ደግሞ የላ ፔሩዝና የሩሲያዊው ክሩዘንሽተርን የጉዞ ካርታዎች ይዘውት የመጡት «የጃፓን ባሕር» የሚለው ስም ነበር፤ ሌሎች አሳታሚዎች እነሱን ገለበጡ። ሃያ ጊዜ የተገለበጠ ካርታ ሃያ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ኮሪያውያንም ከጊዜው ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን መለስ ብለው «የኮሪያ ባሕር» የሚሉትን የፈረንሳይና የእንግሊዝ ካርታዎች ይቆጥራሉ፤ ያኔ ያ ስም በእርግጥ ተዘውትሯል። «የጃፓን ባሕር» የሚለው ስም በመጀመሪያ ከሚገኝባቸው ካርታዎች አንዱ ግን ጣሊያናዊው ማቴዮ ሪቺ በ1602 ቤጂንግ ውስጥ በቻይንኛ ያሳተመው መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ያን ያህል አያነሡትም።

ስሙ በዓለም የባሕር ካርታዎች የጸናው የዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት የባሕሮችን ወሰንና ስም የሚዘረዝረውን ሰነድ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲያወጣ ሲሆን ኮሪያ ያኔ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የምትናገርበት ወንበር አልነበራትም። የኮሪያ ጠንካራ ክርክር ይህ ነው፤ ካርታ መቁጠሩ ያደክማል እንጂ አይጨምርላትም። ድርጅቱም በኖቬምበር 2020 ለአዲሱ ዲጂታል ሰነድ ባሕሮች በስም ፋንታ በቁጥር እንዲለዩ ወስኖ ጠቡን በዘዴ ሸሸው።

ዳኞች ፊት ሲቀርብ

ፍርድ ቤቶች በዚህ ነገር ቆየት ያለ ጥንቃቄ አላቸው። አሜሪካ ከስፔን ፊሊፒንስን ስትረከብ ፓልማስ የምትባል ትንሽ ደሴት አብራ የተሰጠቻት መሰላት፤ ሆላንድም የእኔ ናት አለች። ስዊዘርላንዳዊው ዳኛ ማክስ ሁበር በ1928 በሰጠው ፍርድ ካርታዎች በከፍተኛ ጥንቃቄ ብቻ ሊታዩ እንደሚገባ ገልጾ ደሴቲቱን ያገኘቻት በተግባር ያስተዳደረችው ሆላንድ ሆነች፤ ዛሬ ሚያንጋስ ተብላ የኢንዶኔዥያ ናት። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ1986 በቡርኪና ፋሶና በማሊ ጉዳይ ካርታ ለብቻው፣ ስላለ ብቻ፣ የግዛት ባለቤትነት እንደማያስገኝ ደንግጓል።

ከዚህ የተለየው የውል አካል የሆነ ካርታ ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ከቅርብ ያውቀዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሲሰጥ ከመረመራቸው ሰነዶች አንዱ የ1900 ውልና ከውሉ ጋር የተያያዘው ካርታ ነበር። ካርታው ከውሉ ጋር ስለተፈረመ ክብደቱ ከማንኛውም የመንገደኛ ካርታ ይለያል፤ ሆኖም እሱም ላይ «በለሳ» እና «ሙና» የተባሉት ወንዞች በምድሩ ላይ የትኞቹ እንደሆኑ ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙ አልቻሉም። የታይላንድና የካምቦዲያም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የፕሬያ ቪሂር ቤተ መቅደስ በ1962 ለካምቦዲያ የተወሰነው የፈረንሳይ መኮንኖች በ1907 የሠሩትን ካርታ ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ለረጅም ዘመን ሳትቃወም በመቀበሏ ነው። በጁላይ 2025 በሁለቱ አገሮች መካከል ደም የፈሰሰበት ግጭት ሲነሣም ካምቦዲያ ያንኑ የፈረንሳይ ካርታ፣ ታይላንድ ደግሞ በሌላ መስፈርት የተሠራ የራሷን ካርታ ይዘው ነበር። ስለዚህ ሕግ ካርታን አይንቅም፤ የሚጠይቀው ማን እንደሳለው ብቻ ሳይሆን ማን ፈርሞበት ማን ዝም ብሎ እንደተቀበለው ነው። የአምስተርዳምና የፓሪስ ነጋዴዎች ካርታዎች አብዛኞቹ ፊርማም ተቃዋሚም የላቸውም።

በደቡብ ቻይና ባሕር ያለው ክርክር ይህን ሁሉ በአንድ ያገናኛል። ቬትናም የቤልጂጉ ፊሊፕ ቫንደርማለን በ1827 ያሳተመውን አትላስ ትጠቅሳለች፤ የፓራሴል ደሴቶች እዚያ ከኮቺንቺና (አውሮፓውያን የዚያን ዘመን ቬትናም ይጠሩበት ከነበረው ስም) ጋር ተስለዋልና። በዕድሜ ከዚያ የሚበልጡት የፖርቱጋልና የሆላንድ ካርታዎች ግን ፓራሴልን በቬትናም ዳርቻ ትይዩ የሚወርድ ረጅም ምላጭ አድርገው ነው የሚያሳዩት። ያ ምላጭ መርከበኛው «እዚህ አትጠጋ» የሚባልበት የፍርሃት ቅርጽ ነው፤ ትክክለኛው ቦታ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ቀያሾች ሲለኩት ነው።

ፊሊፒንስ ያላት ካርታ ከሁሉም ይበልጣል። ጀስዊቱ ፔድሮ ሙሪዮ ቬላርዴ በ1734 ማኒላ ውስጥ ያሳተመው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ግራና ቀኙ በ12 የሕዝብና የከተማ ሥዕሎች የታጀበ ነው። ከሉዞን ደሴት በስተምዕራብ «ጋሊት»፣ «ፓናኮት»፣ «ሉምባይ» የሚሉ ሦስት አደገኛ ስፍራዎች ተመዝግበዋል፤ በታጋሎግ ቋንቋ ቁጣ፣ ማስፈራሪያ፣ ሐዘን ማለት ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት ፓናኮት ከ2012 ጀምሮ የቻይና መርከቦች የተቆጣጠሩት የስካርቦሮ የባሕር አለት ነው ይላል። በካርታው ላይ ፓናኮት ከዳርቻው ብዙም አይርቅም፤ ስካርቦሮ ግን ከሉዞን 120 የባሕር ማይል ያህል ይርቃል። አንድ ናቸው የሚለው ክርክር የሚቆመው በዚህ ካርታ ሳይሆን ከእሱ በኋላ በመጡ የስፔን ልኬቶች ነው። ቢሆንም በኖቬምበር 2014 የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን ንብረት የነበረ ቅጂ ለንደን ለጨረታ ሲቀርብ አንድ ፊሊፒናዊ ባለሀብት በ170,500 ፓውንድ ገዝቶ ወደ አገሩ መለሰው።

በጁላይ 12 ቀን 2016 የግልግል ችሎቱ በፊሊፒንስና በቻይና ጉዳይ ሲወስን አለቱ የማን ነው የሚለውን ጭራሽ አላነሣም፤ ሥልጣኔ አይደለም አለ። ቻይና የደቡብ ቻይና ባሕርን አብዛኛውን ክፍል በምትከብበት የሰረዝ መስመሯ ውስጥ አለኝ የምትለው ታሪካዊ መብት በባሕር ሕግ ስምምነቱ መሠረት እንደሌለው ወሰነ። በስካርቦሮ ላይ የፈረደው ስለ ዓሣ አጥማጆች ነው፤ ከፊሊፒንስም ከቻይናም የመጡ ሰዎች በዚያ ለትውልዶች ሲያጠምዱ ኖረዋልና ቻይና ፊሊፒናውያኑን መከልከሏ ሕገ ወጥ ነው አለ። ቻይና ፍርዱን አልተቀበለችም፤ በኦገስት 2023 ባወጣችው ይፋዊ ካርታም መስመሩ አሥረኛ ሰረዝ ይዞ ቀርቦ የጎረቤቶቿን ተቃውሞ አስነሥቷል።

ለብዙ ፊሊፒናውያን የሙሪዮ ቬላርዴ ካርታ «የካርታዎቻችን እናት» ነው፤ ሲያዩትም ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምዕራቡ ባሕርና ወደ ሦስቱ ስሞች ነው። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ስለ ሥራው የተጻፉትን ስሞች ደጋግሜ አያለሁ። ካህኑ ካርታውን አቀናበረ እንጂ ሥዕሎቹን የሳለው ፍራንሲስኮ ሱዋሬዝ፣ መዳቡን የቀረጸው ኒኮላስ ዴ ላ ክሩዝ ባጋይ ናቸው። ባጋይ ከስሙ አጠገብ «ኢንዲዮ ታጋሎ»፣ የአገሩ ተወላጅ ታጋሎግ መሆኑን ቀርጿል። በ1734 በስፔን አገዛዝ ሥር በነበረችው ማኒላ ይህን የሚያህል ሰሌዳ የሚቀርጽ እጅ የአገሬው ሰው እጅ ነበር፤ ይህን ማንም ተከራካሪ ሊያስተባብለው አይችልም።